ተስፋ አድርገን ነበር፦ አራት ቀን ጫካ ውስጥ

እውነቱን ልናገር፤ መሄድ አልፈለግኩም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ካረፈ አራተኛ ወሩን ይዟል። እሱን በቀበርን በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ የምሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ የእኔም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ያገኘኝ ሁሉ «አይዞህ፣ ያልፋል» ይለኛል። ምኑ እንደሚያልፍ የነገረኝ የለም። ወንድሜ እንደሆነ አልፏል።

የጎተቱኝ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ አይወዱም። በየዓመቱ ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ ከምእመናኑ ጥቂት ሰው ይዘው ጫካ ይገባሉ። ቀን ቀን የሚበላ ቅጠል ይለቅማሉ፣ ማታ ማታ እሳት ዳር መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ። ዘንድሮ አምስት ነበርን፦ ጋሼ፣ አንድ ባልና ሚስት፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የሆነች ተማሪ፣ እና እኔ። እኔ ጎመንና ሰላጣ የማልለይ ሰው ነኝ። ወንድሜ በዚህ ሲስቅብኝ ነው የኖረው።

የሚከተለው ማታ ማታ ስልኬ ላይ የጫጫርኩት ነው። ብዙም አላስተካከልኩትም።

አንደኛ ቀን፣ ሐሙስ

መኪናው ጫካው ጫፍ ላይ አውርዶን ሄደ። ከዚያ እስከምናድርበት ጎጆ ሦስት ሰዓት በእግር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያየሁት አንድ ቀለም ነው፣ ቡናማ። መሬቱን ያለፈው ዓመት ቅጠል ሸፍኖታል፣ ቅጠሉ በስብሶ እግር ሥር ያንሸራትታል፣ ዛፎቹ ራቁታቸውን ቆመዋል። «ጸደይ የሚሉት ይኼን ነው?» አልኩ በሆዴ። ቅርጫት ይዤ መምጣቴ ራሱ አሳፈረኝ።

ጋሼ ነጭ ቅርፊት ያለው ዛፍ ሥር ቆሙ። በርች ይባላል። የአንዱን ቅርንጫፍ ጫፍ በቢላዋ ቆረጥ አደረጉና «እስቲ እይ» አሉኝ። ከተቆረጠው ጫፍ ውኃ ተንጠባጠበ። ጥርት ያለ። አንድ፣ ቆይቶ ሁለት፣ ቆይቶ ሦስት። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥተው አፉን ቅርንጫፉ ላይ አጠለቁና በገመድ አሰሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛፉ ባለፈው የሙቀት ወራት የሠራውን ምግብ ሥሩና ግንዱ ውስጥ አከማችቶ ብርዱን ይከርማል። አፈሩ ሲሞቅ ሥሩ ውኃውን ወደ ላይ መግፋት ይጀምራል፣ ውኃውም የተቀመጠውን ስኳር ይዞ እስከ ቅርንጫፍ ጫፍ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ቅጠል ከመውጣቱ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ነው። እምቡጡ ሲፈነዳ ፈሳሹ ይደፈርሳል፣ ይመራል፣ ያኔ የሚጠጣው የለም። እና እኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሬሳ መስሎኝ በአጠገቡ ያለፍኩት ዛፍ ሁሉ ለካ ሥራ ላይ ነበር።

አንድ ጠብታ በጣቴ ተቀብዬ ቀመስኩ። ውኃ ነው። ቆይቶ ግን ምላስ ላይ የምትቀር ጣፋጭ ነገር አለች። ስኳሩ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ስለሆነ ልብ ካላልክ ታመልጥሃለች።

ማታ ሮሜ ምዕራፍ 8 ተነበበ። የሚያየውን ነገር ማን ተስፋ ያደርገዋል የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ ተማሪዋ ዓይኗ በራ፣ ስለ በርቹ ልትናገር አፏን ከፈተች። ጋሼ እጃቸውን አነሡ። «ተይው ልጄ፣ ዛፉን ስብከት አታድርጊው። ገና ጠርሙሱ እንኳ አልሞላም።»

ሳቅን። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ።

ሁለተኛ ቀን፣ ዓርብ

ጠዋት ጓንት ታደለን። ሳማ ልንለቅም ነው። የሚለቀመው ጫፉ ላይ ያሉት አራት ወይም ስድስት ለጋ ቅጠሎች ብቻ ናቸው፣ እሱም ሳያብብ። የሚያቃጥለው ቅጠሉ ላይ ያለው ጸጉር ነው፤ እንደ መርፌ ነው፣ ሲነኩት ጫፉ ይሰበርና የያዘውን ቆዳህ ውስጥ ይወጋብሃል። የፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ከገባ ግን ጉልበቱ ሁሉ ያበቃል።

እኔን የገረመኝ የበቀለበት ቦታ ነው። ጫካው ውስጥ ስንሄድ አንድ እግር ሳማ አላየንም። ድንገት አንድ ቦታ፣ አራት ማዕዘን ሊባል በሚችል መሬት ላይ፣ ጥቅጥቅ ብሎ አለ። ጋሼ በዱላቸው ገለጥ አደረጉት። የመሠረት ድንጋይ። ቤት ነበር። ሳማ ፎስፌት የበዛበት አፈር ይወዳል፣ እንዲህ ያለ አፈር ደግሞ ሰውና ከብት ብዙ ዘመን የኖሩበት ቦታ ላይ ይገኛል፤ አመዱ፣ ፍጉ፣ አጥንቱ፣ የምግቡ ትራፊ ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው። ሰዎቹ ሄደዋል፣ ጣሪያው ወድቋል፣ ግድግዳው ፈርሶ ዛፍ በቅሎበታል፣ አፈሩ ግን ሰው እንደነበረበት አልረሳም።

ወንድሜ ትዝ አለኝ። ጓንቴን አውልቄ አንዱን ቅጠል በባዶ እጄ ያዝኩት። ለምን እንዳደረግኩት አትጠይቁኝ። እስከ ማታ አቃጠለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጅረቱ ወረድን። የጫካ ነጭ ሽንኩርቱን ከማየታችን በፊት ሸተተን። ቁልቁለቱ በሙሉ አረንጓዴ ነው። ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ ብርሃን እስከ መሬት በሚደርስባቸው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው ሩጫውን የሚጨርሰው፤ በኋላ ጥላው ሲከደን ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ተክሉም ከመሬት በታች ይከርማል። ጋሼ ሕጉን ተናገሩ፦ ከአንድ እግር አንድ ቅጠል ብቻ፣ ሥሩ አይነካም፣ ምክንያቱም ከዘር ተነሥቶ አበባ እስኪያወጣ ዓመታት ይፈጅበታል። አንዱን ቅጠል ሳትይዙና ሳታዩ ሌላውን አትልቀሙ አሉ። እፍኝ እፍኝ አድርጎ ማጨድ ክልክል ነው።

እኔ አጨድኩ። ምን ላድርግ፣ በዛልኛ! ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በእጄ ሞላልኝ፣ ደስ አለኝ፣ እጄን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፣ ቅጠሉን ሳስጠጋው ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፣ በቃ ምን ቀረኝ ብዬ ቅርጫቴን እስከ አፉ ሞላሁት። ስልኬ ላይ ተክል የሚለይ አፕ ጭኜ ነበር፣ አንዱን ቅጠል አሳየሁት፣ 92 በመቶ ነጭ ሽንኩርት ነው አለኝ። ለጋሼ አሳየኋቸው።

«ስምንቱ በመቶስ?»

«እ?»

«ስምንቱ በመቶ ምንድን ነው ነው የምልህ።»

ነጠላ ጨርቅ መሬት ላይ አንጥፈው ቅርጫቴን ገለበጡት፣ እጃቸውን ጅረቱ ውስጥ ታጥበው መጡና አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሦስት ቅጠል ለይተው አወጡ። አንዱ አሩም የሚባለው ነው፤ የነጭ ሽንኩርቱ የቅጠል ሥሮች፣ ቅጠሉ ላይ የሚታዩት መስመሮች፣ ከታች እስከ ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ የእሱ እንደ መረብ ይያያዛሉ፣ ከተበላ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ሁለቱ ግን የባሱ ናቸው። የሸለቆ ሊሊ፣ ያ ትንንሽ ነጭ ደወል የመሰለ አበባ የሚያወጣው። ነጭ ሽንኩርት እያንዳንዱ ቅጠል በራሱ አገዳ ከመሬት ይወጣል፤ የዚህኛው ሁለት ቅጠል ከአንድ አገዳ ነው። ልብ የሚያስቆም መርዝ አለው።

«ግን እኮ ሸቶኛል» አልኩ።

«የሸተተህ እጅህ ነው።»

ለካ አሥር ቅጠል ከለቀምክ በኋላ የምትነካው ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሸተው፣ ድንጋይም ቢሆን። ማሽተት ጥሩ ምልክት የሚሆነው እጅ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው።

እዚያው ቁጭ ብለው የጌልገላን ታሪክ ነገሩን። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 4። በምድሩ ራብ አለ። ኤልሳዕ ምንቸቱን ጣዱ አለ። ከነቢያት ልጆች አንዱ ቅጠል ሊለቅም ወደ ሜዳ ወጣ፣ የዱር ሐረግ አገኘ፣ ፍሬውን በልብሱ ሞልቶ አመጣና ሳያውቀው ወጡ ውስጥ ከተፈው። ሲበሉ ምንቸቱ ውስጥ ሞት አለ ብለው ጮኹ። ኤልሳዕም ዱቄት አስመጥቶ ጨመረበት፣ ዳኑ።

«ልብሱን ሞልቶ ነው የመጣው» አሉ ጋሼ። «ራብ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን እኔ ኤልሳዕ አይደለሁም፣ ዱቄትም የለኝም።» ቅርጫቴ ውስጥ የነበረውን በሙሉ፣ ደህናውንም ጭምር፣ ደፉት።

ተናደድኩ። እውነት፣ እንደ ሕፃን ነው የተናደድኩት። ማታ ግን እጄ በሳማው እየተቃጠለ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሌላ ነገር መጣብኝ። ከሥራ በወጣሁ ሰሞን አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ ይቅር፣ «ጌታ ነግሮኛል፣ በዚህ ወር በርህ ይከፈታል» ብሎኝ ነበር። ሳልጠይቅ ሳልመረምር ተቀበልኩት። ቀን ቆጠርኩ። ወሩ አለቀ፣ በሩ አልተከፈተም፣ ከዚያ በኋላ ነው ጸሎት ያቆምኩት። እስከ ዛሬ ተስፋዬ የሞተ ይመስለኝ ነበር። ያ ነገር መጀመሪያውኑ ተስፋ ነበር ወይ? እጄ ላይ የነበረው ሽታ ነው እንጂ።

ሦስተኛ ቀን፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ከጎጆው አልወጣንም። የትናንቱን ሳማ በላን፣ ደህና ነው፣ ጨው ይፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ ሉቃስ 24 ተነበበ፣ ወደ ኤማሁስ የሚሄዱት ሁለቱ ሰዎች። ከኢየሩሳሌም ስድሳ ምዕራፍ (የድሮ የርቀት መለኪያ) ያህል ነው መንገዱ፣ በኪሎ ሜትር 11 ገደማ። ኢየሱስ አብሯቸው ይሄዳል፣ አላወቁትም፣ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ሲጠይቃቸው እስራኤልን የሚቤዠው እርሱ ነው ብለን ተስፋ አድርገን ነበር ይሉታል። ጋሼ እዚያ ላይ አቆሙና ቃሉን ደገሙት። «ተስፋ አድርገን ነበር። ነበር!»

ሚስትየው ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ ተናገረች። «እኛም ነበር ላይ ነን።» ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲጠብቁ ኖረዋል። ባልየው ጫማውን እያየ ነበር። ማንም ምንም አላለም። «አይዞሽ፣ ያልፋል» ያለ ሰው ባለመኖሩ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፣ እንዲያ ቢባል ኖሮ እኔ ነበርኩ ተነሥቼ የምወጣው።

ቆይተው ጋሼ «ነበር በማለታቸው አልተቆጣቸውም» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ገሥጿቸዋል!» አለች ተማሪዋ። «የማታስተውሉ፣ ልባችሁ የዘገየ ብሏቸዋል እኮ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «እውነትሽን ነው። ገሥጿቸዋል።» ትንሽ ዝም ብለው፦ «ግን እየሄደ ነው የገሠጻቸው። ደግሞ ወዴት እንደሚሄዱ ተመልከቱ። ከኢየሩሳሌም እየራቁ ነው። ጀርባቸውን ሰጥተው በሚሄዱበት አቅጣጫ ነው አብሯቸው የሄደው።»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ለሰላሳ ምናምን ዓመት የሰማሁት ታሪክ ነው፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄዱ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ተማሪዋ ስለ ዲትሪሽ ቦንሆፈር ነገረችን፣ ሂትለርን ስለተቃወመው ጀርመናዊ ፓስተር። በጃንዋሪ 1943 ታጨ፣ በኤፕሪል ታሰረ። ከእስር ቤት ለእጮኛው ሲጽፍላት የኤርምያስን መሬት ያነሣል። ኤርምያስ ምዕራፍ 32 ላይ ነው ታሪኩ፦ ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከበዋል፣ ከተማዋ እንደምትወድቅ የተናገረው ራሱ ኤርምያስ ነው፣ በዚህም ምክንያት ታስሯል፤ እዚያው እስር ላይ ሆኖ ከአጎቱ ልጅ በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ይገዛል፣ ውሉን አስፈርሞ በሸክላ ዕቃ ያስቀምጠዋል፣ ብዙ ዘመን እንዲቆይ። ቦንሆፈር ትዳራችንም እንደዚያ ያለ ነገር ነው በሚል መንፈስ ነው የጻፈላት።

«ከዚያስ? ተጋቡ?» አለች ሚስትየው።

«አልተጋቡም። ኤፕሪል 9 ቀን 1945 ሰቀሉት። ጦርነቱ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው።»

ታሪኩ ደስ የሚል መጨረሻ እንዲኖረው የፈለግን ይመስላል ሁላችንም፣ ዝም አልን። እኔን ግን በሆነ መንገድ አሳረፈኝ። ማንም አላታለለኝም። ኤርምያስም መሬቱን ሲገዛ ከተማዋ አትወድቅም ብሎ አልነበረም። ትወድቃለች ብሎ እያወቀ ነው ብሩን የመዘነው።

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ።

አራተኛ ቀን፣ እሑድ

ፀሐይ! ጠዋት ጎጆው ደጃፍ የበሰበሰ ግንድ ሥር አንድ ትንሽ ተክል አየሁ፣ ሦስት ቅጠል አለው፣ እያንዳንዱ ቅጠል ልብ ይመስላል። ትናንትም አይቼው ነበር፣ ትናንት ግን ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ አጥፎ ተደፍቶ ስለነበር የሞተ መስሎኝ ረግጬው ላልፍ ነበር። ዝናብ ሲመጣና ሲመሽ እንደዚህ ይታጠፋል። ጎምዛዛ ነው፣ ሎሚ ይመስላል፣ ብዙ መብላት ግን ደግ አይደለም፣ ኦክሳሊክ አሲድ አለው።

«ስሙን ታውቃለህ?» አሉኝ ጋሼ። «ሃሌ ሉያ ነው።»

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። እውነት ነው። በፈረንሳይኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በስፓንኛ፣ በድሮው እንግሊዝኛም ሳይቀር ሃሌ ሉያ ይሉታል። የሚያብበው በትንሣኤና በጰራቅሊጦስ መካከል፣ በቤተ ክርስቲያን ሃሌ ሉያ በሚዘመርበት ሰሞን ስለሆነ ነው። አንዱን ቀነጠስኩና ቅጠሎቹን ለአራቱም አዞርኩ፣ ከሦስቱ አንዷን ለሁለት ከፍዬ።

ለነጭ ሽንኩርቱ ተመልሰን ወረድን። በዚህ ጊዜ አንድ በአንድ ለቀምኩ። አገዳውን እስከ መሬት ድረስ በዓይኔ ተከትዬ፣ የቅጠሉን ሥር አይቼ፣ በየአምስት ደቂቃው እጄን ታጥቤ። በአንድ ሰዓት የሞላልኝ የቅርጫቴ ሩብ ነው። ባልየው ሁለት የጸደይ እንጉዳይ አገኘ፣ ያ የማር እንጀራ የመሰለው። ጋሼ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ባዶ መሆኑ ነው ምልክቱ። ጥሬውን ከተበላ ያማል፣ በደንብ መብሰል አለበት።

ሁለት እንጉዳይ ለአምስት ሰው። ሳማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ እንጉዳዩ አንድ ድስት ገቡ። ሲበስል ጋሼ ቂጣውን አንሥተው ጸለዩ፣ ከዚያ «ማንን እናስብ?» አሉ። የወንድሜን ስም ተናገርኩ። ከቀብሩ ወዲህ በጸሎት ላይ ስሙን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ ተሰበረ፣ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ጠራሁት። ሚስትየው ቂጣውን ቆርሳ ሰጠችኝ። ምግቡን እንዴት ነበር ካላችሁኝ፣ ጨው በዝቶበታል፣ ቅዳሜ ስለ ጨው ያማረርኩት እኔ ነኝ።

ስንመለስ በርቹ ጋ ቆምን። ጠርሙሱ ሞልቷል፣ ግን ደፍርሷል፣ ነጣ ብሏል። ቀና ስል የቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ። ከዝናቡና ከፀሐዩ በኋላ እምቡጡ ፈንድቷል። ሐሙስ አልነበረም።

«አይጠጣም እንግዲህ» አሉ ጋሼ ገመዱን እየፈቱ። ሥሩ ላይ መልሰው ደፉት።

ማታ፣ ቤቴ

ቤት የገባሁት ከጨለመ በኋላ ነው። ሥራ የለኝም፣ ሰኞም የምሄድበት የለም፣ ያ አልተለወጠም። ወንድሜ ጋ የምልከው ፎቶ ስልኬ ላይ ዘጠኝ አለ። እንደ ድሮው ስሙን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት።

እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ያመጣሁትን ነጭ ሽንኩርት ገለበጥኩት። አንድ በአንድ አየሁ፦ አገዳው፣ የቅጠሉ ሥር፣ ሽታው፣ እንደገና መታጠብ፣ እንደገና። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። አንዷን ተጠራጠርኳት። መብራቱ ጋ ወስጄ አየኋት፣ ምናልባት ደህና ነበረች፣ ጣልኳት።

የቀረውን ዘፍዝፌ ውኃ ጣድኩ።